ጆሮውን በጧፍ ሰም ስለ ደፈነው መሪጌታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ክርስቲያኖች ሆይ፥ እግራችሁን ሰብስቡ፥ ጆሯችሁንም አቅኑ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ጆሮው ለታመመ፥ መንጋጋው ለተያዘ፥ ከሁሉም ይልቅ ልቡ ለከፋበት አገልጋይዋ ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለን። ልመናዋ ነቅቶ ከሚሰማውም፥ ቆሞ ከሚያንቀላፋውም ጋር ይሁን፤ አሜን።

ዘንባባ ውኃ በምትባል ደብር ይሁኔ የሚሉት መሪጌታ ነበረ። ይህም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እመቤታችንን እጅግ ይወድ ነበርና በየማለዳው ፊቱን ታጥቦ፥ ከሥዕሏ ፊት ቆሞ፥ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ ጥፍር ሰላም ለኪ እያለ መልክእዋን ሳያደርስ እህል አይቀምስም፥ ውኃም አይጠጣም ነበር። ዝናብ ቢዘንብ፥ እንግዳ ቢመጣ፥ ራሱን ቢያመው ይህን ስእለቱን አላስታጐለም። ዜማውም የጣፈጠ ነበርና በበዓል ቀን እርሱ ሲመራ ሽማግሌዎች በመቋሚያቸው ተደግፈው ያለቅሱ ነበር።

ነገር ግን ሰው ነውና አንድ ነውር ነበረበት፤ እርሱም ጥርጣሬ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ተረት ከዳዊት እኩል ይደግማት ነበር። ጠላ ሲቀርብለት አስተናጋጁ በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመሱ ለአገሩ ሰው ሁሉ የሚበቃ ልማድ ሲሆን፥ ለእርሱ አይበቃውምና «እስኪ ጨምረህ ቅመስ» ይል ነበር። ሰላምታ ያስረዘመውን ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል፤ ያሳጠረውንም «ምን ሸሽጎ ነው?» ይላል። በጉብዝናው ወራት የሰውን የክርስትና ስም እየጠየቀ፥ ክታብ እየጻፈ፥ ለአንዱ መፍቻ ለሌላው ማሰሪያ ይሠራ ነበርና፥ በኋላም ንስሐ ገብቶ ቢተወውም፥ ያ ክፉ ጥበብ በሰው ሁሉ እጅ ያለ ይመስለው ነበር። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ማለት ይህ ነው።

ድግምት የሚደግም ሰው የሚያስረውን ሰው በዓለም ስሙ አይጠራውም፥ በክርስትና ስሙ ነው እንጂ። ይሁኔም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበርና የክርስትና ስሙን እንደ ነፍሱ ይሸሽግ ነበር። ተክለ አልፋ መባሉን የሚያውቁት የሞተች እናቱ፥ ያረፉት የነፍስ አባቱና ሚስቱ ወይዘሮ ዝማም ብቻ ነበሩ፤ እርሷንም በሠርጋቸው ማግስት ለማንም እንዳትናገር አስምሏት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከተከዜ ማዶ ለይኩን የሚባል ደብተራ መጣ። ዘመድ የሌለው፥ ቃሉ ጥቂት፥ ጸሎቱ ብዙ የሆነ ሰው ነበር፤ የደብሩም አለቃ፥ አለቃ ድንበሩ፥ ድምፁን ሰምተው ወደዱትና በማኅሌት በመሪጌታ ይሁኔ ቀኝ እንዲቆም አደረጉት። ሕዝቡም የለይኩንን ዜማ በሰሙ ጊዜ እንደ ወትሯቸው አለቀሱ፤ ይሁኔም ለሌላ ሰው የሚያለቅሱትን ዕንባ ሲያይ ከእርሱ የተሰረቀ መሰለው።

ከዚያም ቀን ጀምሮ ሲተኛ ጥርሱን ያፋጭ ጀመር፤ ሲነቃም ቀኝ መንጋጋው ደርቆ፥ ጆሮው ውስጥ መርፌ እንደ ገባበት ሆኖ ይነሣ ነበር። እንጀራ ሲያላምጥ ያመዋል፥ ሲያዛጋ ያመዋል፥ ዜማ ከፍ ሲያደርግ ከጆሮው ግርጌ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ጎረቤቶቹም ይህን አይተው እንደ አገራችን ልማድ ሁሉም ሐኪም ሆኑ። አንዱ «ጆሮ ደግፍ ነው፥ ሻሽ ይሰሩበት» አለው። ሁለተኛው «የመንጋጋ ጥርስዎ ተቦርቡሮ ነው፥ ይነቀሉት» አለው። አንዲት አሮጊትም «ኩክ ጠጥሮበት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አለችው፤ እኅቷ ደግሞ «ብርድ መትቶት ነው» ብላ ጤና አዳም ይዛለት መጣች። ሁሉም የሚቻል ነገር ተናገሩ፤ ጆሮና መንጋጋ በአንድ ግድግዳ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸውና በአንደኛው ቤት ጠብ ሲነሣ በሌላኛው ቤት እንቅልፍ የለም። ይሁኔ ግን ጤና አዳሙን አሽትቶ «ምን ለውሳበታለች?» ብሎ ወደ እሳት ጣለው።

ወይዘሮ ዝማምም እውነተኛውን ነገር ነገረችው፤ «መሪጌታ፥ በእንቅልፍዎ ጥርስዎን እንደ ወፍጮ ያፋጫሉ። ሕመሙ ከዚያ ይመስለኛል፥ ልብዎን ያሳርፉት» አለችው።

እርሱም ቀና ብሎ አያትና «ለመሆኑ እኔ ስተኛ አንቺ ምን ስትሠሪ ነው የምትሰሚኝ?» አላት።

ጥርስ ማፋጨት ለመሪጌታ የሚመጥን በሽታ አልመሰለውምና ከዚያ የከበረ ምክንያት፥ ይልቁንም ጠላት ያለበትን ምክንያት ይፈልግ ነበር። የፈለገውንም አገኘ፤ የሚፈልግ ሰው ያገኛልና።

በእመቤታችን በዓል ማለዳ ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ፥ ለይኩን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንዳች ነገር በለሆሳስ ሲል ይሁኔ አየው። ጆሮውን አዘነበለና ሰማ፤ በከበሮው መካከል ሌላው ቃል ሁሉ ጠፍቶ «ተክለ አልፋ» የሚለው ብቻ ጥርት ብሎ ገባለት። ያን ጊዜ «ስሜን አገኘው! እያሰረኝ ነው!» አለ በልቡ።

ክርስቲያኖች ሆይ፥ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ወንድሜ፥ ስሜን ለምን አነሣህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይሁኔ ግን እንደዚህ ያለውን ጥያቄ የዋህ ሰው ብቻ የሚጠይቀው አድርጎ ይቆጥር ነበር። ድግምት የሚገባው በጆሮ ነው ብሎ አሰበና፥ ከዚያም በኋላ ማኅሌት በቆመ ቁጥር ከጧፍ ላይ ሰም ቆርሶ፥ በጣቶቹ አሙቆ፥ ቀኝ ጆሮውን ይደፍን ጀመር። ከመቅደስ የወጣ ሰም ነውና ክፉ ቃል አያሳልፍም ብሎ ታመነበት። ይህን ስሕተት ከደብተራ በቀር ማን ይሳሳተዋል? ሲወጣም ሰሙን በጥፍሩ ያወጣው ነበር፤ ጥቂቱ ግን እየተሰበረ ወደ ውስጥ ይቀር ነበር፥ በእርሱም ላይ ሌላ ይጨምርበት ነበር። አንድ ቀንም ሚስቱ ካንገቷ የምታስረውን የብር ኩክ ማውጫ ነጥቆ ሲጎረጉር ሰሙን አርቆ ገፋውና ጆሮው ቆሰለ፥ መግልም ያዘ። ሕመሙም በረታ፤ ሕመሙ በበረታ ቁጥር «ይኸው ድግምቱ ጠነከረ» ይላል፥ ይህንም ባለ ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል፥ ባፋጨም ቁጥር መንጋጋው ይብስበታል። እንዲህ ሆኖ ራሱን በራሱ ይፈጭ ነበር።

ቀኝ ጆሮውም አልሰማ ስላለው ዜማው ይሳሳት ጀመር። ለይኩንም የጠፋውን ቃል ቀስ ብሎ ያቀብለው ነበር፤ ይሁኔ ግን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ያያልና ጥላቻው እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻም ወደ አለቃ ድንበሩ ገብቶ «ይህ ሰው መተተኛ ነው። በክርስትና ስሜ እየደገመ ጆሮዬንና መንጋጋዬን አሰረኝ» ብሎ ከሰሰው።

አለቃውም ካህናቱንና ሕዝቡን በደጀ ሰላም ሰበሰቡና ለይኩንን «የይሁኔን የክርስትና ስም በማኅሌት አንሥተሃልን?» ብለው ጠየቁት።

ለይኩንም አንገቱን ደፍቶ «አዎን አባቴ፥ አንሥቻለሁ። ለምን እንደ ሆነ ግን እንዳልናገር ቃል አለብኝ» አለ።

ሕዝቡም ይህን በሰማ ጊዜ አጉረመረመ፤ በሴቶቹ በኩል ቆማ የነበረችው ወይዘሮ ዝማምም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቃ ድንበሩ ግን አዋቂ ሽማግሌ ነበሩና ወደ ይሁኔ ዘወር ብለው «ልጄ፥ ይህ ነገር የሰው ነፍስ ነው። ለይኩንን መተተኛ ካልነው ከዚህ እስከ ተከዜ ማዶ ማደሪያ የሚሰጠው የለም፤ ቢሞትም የሚቀብረው የለም። እውነት ከሆነ ወንጌሉን ይዘህ ማል። ካልማልህ ግን አፍህን ሰብስብ» አሉት።

ይሁኔም ወንጌሉን በሁለት እጁ ይዞ ሊምል ተነሣ። ድግምቱን በጆሮው አልሰማም፥ ስሙን ብቻ እንጂ፤ ነገር ግን ሰምቻለሁ ብሎ ሊምል ነበር። በዚያችም ሰዓት መንጋጋው ቀጭ አለ፥ ጥርሱም ገጠመ፥ ከንፈሩ ቢንቀሳቀስም አፉ አልከፈት አለ። ሊል የፈለገው ሁሉ በጥርሱ ኋላ ቀረ። እመቤታችን በልጇ ቃል ላይ በሐሰት እንዳይምል፥ የወዳጇም ነፍስ እንዳትጠፋ ስለ ራራች እንዲህ አደረገች።

ሕዝቡ ግን ይህን ምን ብሎ ተረጐመው? «አሰረው! በፊታችን አሰረው!» ብለው ጮኹ፤ ጥርጣሬ ተአምርን እንኳ ለምስክርነት ይጠራዋልና። በለይኩን ላይ ድንጋይ ያነሡም ነበሩ። አለቃውም የሰው ደም እንዳይፈስ ፈርተው «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደብሩ በታች ያለውን ወንዝ ተሻግረህ ሂድ» አሉት፤ እርሱም ዳዊቱንና ጋቢውን ይዞ ወጣ። ይሁኔስ? እውነቱን እንናገር፤ ሕመሙ እያንገበገበው ልቡ ደስ አለው፥ ሳይምል ያሰበው ተፈጽሞለታልና።

ከዚያም እመቤታችንን ሊያመሰግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ከሥዕሏ ፊት ቆመ፤ ነገር ግን ሰላም ለኪ ሊል ቢወድ ጥርሱ አልላቀቅ አለው። ያን ጊዜ ደነገጠ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ስእለቱ በማግስቱ ማለዳ ይቋረጣልና። ወጥቶም በቅጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጠ፥ ከሥቃዩም ብዛት ቀትር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እነሆም እመቤታችን ታየችው፤ ቀኝ ጆሮዋንም በመዳፏ ሸፍና ነበር፥ ፊቷም እንደ ታመመ ሰው ያዘነ ነበር።

እርሱም በልቡ «እመቤቴ፥ ምን ሆንሽ?» አላት።

እርሷም «ጆሮዬን ያመኛል። በማለዳ አንተ ሰላም ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ግን በወንድምህ ላይ ጥርስህን ስታፋጭ ያ ድምፅ ወደ እኔ ይመጣል። ተክለ አልፋ ሆይ፥ እስከ መቼ?» አለችው።

ይሁኔም ስሙን በሰማ ጊዜ ምን ቢላት ይሻላል? «ስሜን ማን ነገረሽ?» አላት። ወገኖቼ፥ የፈጣሪን እናት ስሜን ማን ነገረሽ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርሷ ግን ታጋሽ ናትና አልተቈጣችም፤ «በየቀኑ የሚነግረኝ ሰው አለ፤ ዛሬ ግን ከቤቴ ደጅ አባረራችሁት። ተነሥተህ ሂድና ራስህን በለይኩን ጭን ላይ አኑር፥ ፈውስህ በዚያ ነው» ብላው ተሰወረች።

ነቅቶም ሕልሙን በልቡ ይመረምር ጀመር። «ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ይመጣልና እርሷ ባትሆንስ? ይህንን ሕልም ራሱ ለይኩን የላከው እንደ ሆነስ?» እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ወይዘሮ ዝማም እያለቀሰች መጥታ ከእግሩ ሥር ወደቀች፤ «መሪጌታ፥ ይምቱኝ! ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሌሊት ሲሠቃዩ አይቼ አንጀቴ አልችል ቢለኝ ጸልይልኝ ብዬ ለለይኩን ነገርሁት፤ ያለ ክርስትና ስም እንዴት ይጸለያል? ለሰው እንዳይናገርብኝም አስማልሁት። እርሱም እኔን እንዳያጋልጥ ይኸው ተሰደደ» አለችው።

ይሁኔም ይህን በግራ ጆሮው ሰማ። መጀመሪያ ተቈጣ፥ ጥርሱም ይብስ ገጠመ፤ ቀጥሎም ነገሩን ከሕልሙ ጋር አስተያየው። ስም ለድግምት ብቻ የሚጠራ ይመስለው ነበር፤ በዚያው ስም ሰው ለሰው እንደሚለምንበት ግን፥ ካህን ሆኖ ሳለ፥ ፈጽሞ ረስቶት ነበር። ያን ጊዜ እፍረት እንደ ትኩሳት ወጣበትና ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሮጠ። ዝማምም ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ከሚበራው ቀንዲል ዘይት ቀድታ ተከተለችው፤ ሕዝቡም ከአለቃ ድንበሩ ጋር ይሁኔ ሲሮጥ አይቶ «ሊገድለው ነው» ብሎ ከኋላቸው ጎረፈ።

ለይኩን ወንዙን ሊሻገር ሲል ሕዝቡ ሲመጣበት አየና «እንግዲህ ሞቴ ነው» ብሎ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይሁኔ ግን መቋሚያውን ጥሎ ተንበረከከ፥ ራሱንም በለይኩን ጭን ላይ ቀኝ ጆሮውን ወደ ላይ አድርጎ አኖረ። ለይኩንም ፈርቶ እጁን አነሣ፤ «መሪጌታ፥ ስለ እመብርሃን ይተዉኝ! እጄ ነክቶዎት ሕመሙ ቢጸና ጨረሰው ይሉኛል» አለው። ይሁኔም መናገር ባይችል የለይኩንን እጅ ይዞ በጆሮው ላይ አስቀመጠው።

ዝማምም ዘይቱን በመዳፎቿ መካከል ለብ አድርጋ ለለይኩን ሰጠችው። ለይኩን ሊያንጠባጥብለት ሲል ግን ይሁኔ እንደ ገና ቀና አለ፥ ዓይኑም በዘይቱ ላይ ተተከለ፤ የኖረ ልማድ ነውና። ለይኩንም አስተዋለው፥ አልተቀየመውም፤ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰለትና «ይኸው» አለው። ይሁኔም ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን መለሰ።

ዘይቱም ሞቅ ብሎ ወደ ውስጥ ወረደ፥ ሰሙም ቀስ በቀስ ለዘበ። ለይኩን ጭንቅላቱን ደግፎ እየጸለየ ቆየና ወደ ጎን ባዘነበለው ጊዜ ጥቁር የሰም ድብልብል ከመግል ጋር ወጥቶ በመዳፉ ላይ ወደቀ። የዘጋው ጆሮም ተከፈተ። መጀመሪያ የወንዙን ድምፅ ሰማ፤ ቀጥሎም ለይኩን በለሆሳስ የሚለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማ፤ «እመቤቴ ሆይ፥ ወንድሜን ተክለ አልፋን ከሕመሙ አሳርፊው፤ ለእኔ የሰጠሽኝን ድምፅም ቢሆን ለእርሱ ስጭው» ይል ነበር።

ይሁኔም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲያለቅስም የታሰረው መንጋጋው ፈታ አለ፥ አፉም ተከፈተ፤ ተነሥቶም በሕዝቡ ሁሉ ፊት «ይህ ሰው አላሰረኝም! ጆሮዬን በሰም የደፈንሁት እኔ ነኝ፥ መንጋጋዬንም በቅናት ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ልምል ነበር፤ አፌን የያዘችኝ እመቤቴ ናት» ብሎ ጮኸ። ድንጋይ ይዘው የመጡትም ድንጋያቸውን ቀስ ብለው፥ ማንም እንዳያያቸው አድርገው፥ ከኋላቸው ጣሉ። አለቃ ድንበሩም ከለይኩን እግር ሥር ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ እርሱ አነሣቸው፤ «አባቴ፥ እኔም ዝም በማለቴ አጥፍቻለሁ» አላቸው። ከዚያም ሁሉም እልል እያሉ ወደ ደብራቸው ተመለሱ፥ እመቤታችንንም አመሰገኑ።

የይሁኔ ጥርጣሬ እንደ ሰሙ በአንድ ጊዜ ወጣ አንላችሁም፤ ሐሰት ይሆንብናል። ጥርሱን ማፋጨቱም የተወው ቀስ በቀስ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ለይኩንን እጁን ይዞ «ወንድሜ፥ አንተስ የክርስትና ስምህ ማን ነው? እኔም ለአንተ ልጸልይልህ» አለው።

ለይኩንም ዝም አለ። ይሁኔ በጉብዝናው ምን ይሠራ እንደ ነበረ የደብሩ ሰው ሁሉ ነግሮታል፤ ስምን የሚያህል ነገር በዚህ ሰው እጅ መስጠት ለማንም ቀላል አይደለም። የለይኩን እናትም ስትሞት ስምህን ለማንም እንዳትናገር ብላው ነበር። ይሁኔም የለይኩንን ፊት አይቶ፥ መጠርጠር ምን እንደሚመስል ከውጭ ሆኖ ሲያየው ያ የመጀመሪያው ነበርና፥ እጁን ለቀቀው፤ «ግድ የለህም፥ ይቅር» አለው።

ያን ጊዜ ለይኩን ወደ ጆሮው ቀረበና፥ ወደዚያ ወደ ተከፈተው ጆሮው፥ «ወልደ ሰንበት» አለው።

ከዚያችም ቀን ጀምሮ መሪጌታ ይሁኔ እስኪያርፍ ድረስ በየማለዳው ከሥዕሏ ፊት ሲቆም ከራሱ ስም አስቀድሞ የወልደ ሰንበትን ስም ያነሣ ነበር።

ይህን ያደረገች እመቤታችን፥ እኛንም በወንድሞቻችን ላይ ከምናፋጨው ጥርስ፥ ከማያስተኛ ቅናት፥ በገዛ እጃችን ከምንደፍነው ጆሮ ትሰውረን። ይህን የሰማችሁትን፥ ያሰማችሁትንም፥ ጆሮውን አሞት ከቤት የቀረውንም በየክርስትና ስማችሁ በልጇ ፊት ታንሣችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።